ቀዩ እንጨት ከደንገጎ በላይ ነው

በአማርኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚባል ዛፍ አለ። ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠሉ ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ ቀይ አበባ ይለብሳል፤ ቅርንጫፎቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ሰፊ ጥላ ይጥላል። የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው። በኢትዮጵያ በብዙ ሞቃት ከተሞች ተተክሎ ይገኛል፤ ስሙን ግን ያገኘው ከድሬዳዋ ነው፤ ከተማዋም በዚህ ቀይ ዛፍ ስትጠራ ቅር የሚላት አይመስልም።

ቀይነቱ ግን አበባው ላይ ያበቃል። ግንዱ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ነጣ ያለ፣ ልል፣ ነፍሳት ቶሎ የሚወሩት እንጨት ነው። ለጥላ የሚተካከለው ያለ አይመስልም፤ በር ልሥራበት የሚል አናጢ ግን ደንበኛውን አይወድም ማለት ነው።

ውስጡ ቀይ የሆነው ዛፍ ሌላ ነው፤ አድራሻውም ሌላ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ግን ከተማዋን እንደለቀቀ ሽቅብ ይጠመዘዛል፤ ደንገጎ ላይ ሲደርስ ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ተሳፋሪው የከፈተውን መስኮት መልሶ ይዘጋል። የድሬዳዋ አስተዳደር መሬት ራሱ ከ950 ሜትር ተነሥቶ እስከ 2,260 ሜትር ይወጣል። ከዚህ ከፍታ ጫፍ ጀምሮ በጋራ ሙለታ አድርጎ እስከ ጨርጨር የሚዘልቀው የተራራ ትከሻ የሐበሻ ጥድ አገር ነው። ጥድ በአፋን ኦሮሞ ሂንዴሳ ወይም ጋቲራ፣ በሶማልኛ ደይብ ይባላል። ሦስቱም ቋንቋዎች በአንድ ረፋድ በድሬዳዋው መጋላ ገበያ ውስጥ ይሰማሉ፤ ዛፉ ግን ከሦስቱም ተናጋሪዎች ዓይን እየራቀ ሄዷል።

ጥድን ለመለየት አፍንጫ ከዓይን ይቀድማል። አናጢው ጣውላውን አጋድሞ መላጊያውን ሲገፋ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወጣል፤ ወዲያው ክፍሉ ደረቅና ጣፋጭ በሆነ መዓዛ ይሞላል። እርሳስ ቀርጾ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሽታውን ሳያውቀው ያውቀዋል፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል። ሰጋቱራው ራሱ ቀላ ያለ ነው። ግንዱ በአግድም ሲቆረጥ ሁለት ቀለም ያሳያል፤ ከቅርፊቱ ስር ነጭ ቀለበት፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ቀይ ወደ ቡናማ የሚያደላ ልብ። ልምድ ያለው አናጢ ነጩን ጠርቦ ይጥለዋል፤ ምስጥ የሚጀምረው ከነጩ ነውና።

ገበያ ላይ ያለ ችግርም አለ። የፈረንጅ ጥድ የሚባለው፣ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ዛፍ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አጥር የተተከለ ስለሆነ «ጥድ» ሲባል ብዙ ጊዜ እሱ ይመጣል። ልዩነቱ የሚታየው ሲቆረጥ ነው። የፈረንጁ ጥድ ልብ ሐመር ቢጫ ነው፤ ለመሥራት ይመቻል፤ ቶሎም ያድጋል። ነገር ግን መሬት ውስጥ ቢተከል የሐበሻውን ያህል አይቆይም። የአጥር ቋሚ ፈልጎ «ጥድ» የገዛ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚያዝነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቀዩ ለምን ቀይ ሆነ? በሕይወት ያለ ዛፍ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚያመላልሰው በውጪው ነጭ ክፍል ነው። ዛፉ ሲወፍር ወደ መሐል የቀረው ክፍል ከዚህ ሥራ ጡረታ ይወጣል፤ ህዋሳቱም ይሞታሉ። ከመሞታቸው በፊት ግን ታኒን፣ ሙጫና ዘይት ነክ ንጥረ ነገሮችን ያከማቻሉ። የልቡ ቀለም የዚህ ክምችት ቀለም ነው። ጥድ ውስጥ ካሉት ዘይቶች አንዱ ሴድሮል ይባላል፤ ለሰው መዓዛ ነው፣ ለምስጥና ለሻጋታ ግን መርዝ። ዛፉ ቀይ የሚሆነው እንዲያምር አይደለም፤ የማይንቀሳቀስ አካል ነፍሳትና ፈንገስ በሚበዙበት ዓለም ለመቶ ዓመታት ቆሞ ለመቆየት የሚያደርገው መከላከያ ነው። ሰው ደግሞ ዛፉ ለራሱ ያዘጋጀውን መከላከያ ለቤቱ፣ ለአጥሩና ለቤተ ክርስቲያኑ ወሰደው።

በዓለም ላይ በቀይ እንጨቱ የታወቀው ዛፍ ሬድዉድ የሚባለው የካሊፎርኒያ ግዙፍ ነው። ከእነዚህ መካከል ሃይፐሪየን የሚል ስም የተሰጠው ዛፍ ወደ 116 ሜትር ይጠጋል። በምድር ላይ በሕይወት ካሉ ዛፎች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው፤ አዲስ አበባ ካለው 209 ሜትር የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት አጠገብ ቢቆም ከሕንፃው ግማሽ በላይ ይደርሳል። የሬድዉድ ዕድሜ ከ2,000 ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

የሐበሻ ጥድ ከዚህ ግዙፍ ጋር ይዛመዳል። በዕፅዋት ምደባ ሁለቱም ኩፕሬሳሲኤ የሚባለው ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ የፈረንጅ ጥድም እንዲሁ። የኢትዮጵያው ዘመድ በቁመት ትሑት ነው፤ በደህና መሬት ላይ እስከ 40 ሜትር ይደርሳል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ከዚያ በታች ይቀራል። የሚያኮራው ጉዳይ በሌላ በኩል ነው። በጥድ ወገን ውስጥ በተፈጥሮ የምድር ወገብን ተሻግሮ ወደ ደቡብ የወረደው እሱ ብቻ ነው። ግዛቱ ከሳዑዲ ዓረቢያና ከየመን ተራሮች ይጀምርና በጅቡቲ፣ በኤርትራ፣ በሶማሊያና በኢትዮጵያ አድርጎ እስከ ዚምባብዌ ይዘልቃል።

ሁለቱ ዘመዳሞች የሚለያዩበት አንድ ባሕርይ ግን የሁለቱንም ዕጣ ወስኗል። ሬድዉድ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በአንድ አሮጌ ጉቶ ዙሪያ ክብ ሠርተው የቆሙ ወጣት ዛፎች በካሊፎርኒያ ደን የተለመዱ ናቸው። ቅርፊቱም እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚወፍር ቀላል እሳት አይደፍረውም። የሐበሻ ጥድ ሁለቱንም ዕድል አላገኘም። ቅርፊቱ ስስ፣ ወደ ታች የሚሸረከት ነው፤ እሳት ሲነካው ይሞታል። ሲቆረጥ ደግሞ አያቆጠቁጥም። ከጉቶው የሚነሣ የለም፤ የሚመጣው ከዘር ብቻ ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1849 እ.ኤ.አ. የወርቅ ግርግር በኋላ ከተሞች ሲቆረቆሩ የሬድዉድ ደን በመጋዝ ስር ገባ። ሳን ፍራንሲስኮ የተሠራችው በአብዛኛው በዚህ ቀይ ጣውላ ነው፤ ለባቡር ሐዲድ አግዳሚም ተፈልጓል። ከጥንቱ ደን ዛሬ የቀረው 5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የሬድዉድ ብሔራዊ ፓርክ የተከለለው በ1968 እ.ኤ.አ. ነበር። ዘግይቶ ቢሆንም በተቆረጠው መሬት ላይ ብዙው መልሶ አቆጥቁጧል። ይህ የማቆጥቆጥ ዕድል በሐረርጌ ተራሮች ላይ የለም።

የሐዲድ ነገር ከተነሣ ድሬዳዋን ማለፍ አይቻልም፤ ከተማዋን የወለዳት ሐዲድ ነው። ዐፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግና ለሊዮን ሼፍኖ የባቡር መሥሪያ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ሜዳ ላይ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ናት፤ ባቡሩን ወደዚያ ማውጣት ከባድና ውድ ስለነበር ጣቢያው ከተራራው ስር ቀረ፤ አዲሲቱ ከተማም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። አዲስ አበባ ባቡር ለማየት እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ጠበቀች።

ብዙ አንባቢ ሐዲድ ሲባል ከስሩ የተጋደመ እንጨት ይታየው ይሆናል። በዚህ መስመር ግን ከሐዲዱ ስር የተጋደመው ብረት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ቆላ ምስጥ ለሚበላው፣ ፀሐይ ለሚሰነጥቀው ተራ እንጨት ሐዲድ አደራ መስጠት አያዋጣም ነበር፤ ከሞምባሳ ወደ ውስጥ የገባው የእንግሊዞች ባቡርም በዚሁ ምክንያት በብዛት የተጠቀመው ብረት ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ የደረሰው ባቡር ለአግዳሚው ሲባል ተራራውን አልላጨውም። የተጠየቀው በሌላ በኩል ነው። ሜዳ ላይ በድንገት የበቀለ ከተማ ቋሚ ይፈልጋል፣ ወራጅ ይፈልጋል፣ ማገዶና ከሰል ይፈልጋል፤ ከቆላው ግራር ያጣውን ደግሞ ቀና ብሎ ተራራውን ያያል። በግመል ጀርባ ተጭኖ ወደ ከተማዋ የሚገባ ማገዶ የድሬዳዋ የዘመናት ትዕይንት ነው።

ባቡርና ቀይ እንጨት በተገናኙበት በሌላ የአፍሪካ ተራራ የሆነው ግን ለንጽጽር ይጠቅማል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታንጋኒካን የያዙት ጀርመኖች በኡሳምባራ ተራሮች ላይ ይህንኑ የሐበሻ ጥድ በብዛት አገኙ። ተራራው ገደላማ ነው፤ ባቡሩ ያለው ታች ሜዳ ላይ ነው። ዊልኪንስ እና ቪዘ የተባለ ድርጅት ከጫፍ እስከ ሜዳው ድረስ በገመድ የሚንሸራተት መጓጓዣ ዘረጋ፤ ቀዩ ግንድ ገደሉን በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እየወረደ በባቡር ወደ ወደብ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ሄደ። ከሚፈለግባቸው ነገሮች ዋነኛው እርሳስ ነበር። እርሳስ ሠሪዎች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት የሰሜን አሜሪካው ቀይ ጥድ እያለቀ ስለነበር ሳይሰነጠቅ የሚቀረጽ፣ ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ ቀይ እንጨት ፍለጋ ወደ አፍሪካ መጡ። ኬንያም በእንግሊዞች ዘመን ለእርሳስ የሚሆን የጥድ ስንጥር ወደ ውጭ ስትልክ ኖራለች። ዛፉ በእንግሊዝኛ የእርሳስ ዛፍ ተብሎ የሚጠራው ለዚህ ነው፤ እርሳስ የሚቀርጽ ተማሪና ጥድ የሚልግ አናጢ አንድ ሽታ የሚጋሩትም ለዚሁ ነው። ደንገጎ ላይ የኡሳምባራው ዓይነት ገመድ አልተዘረጋም። እንዲያም ሆኖ የሐረርጌ ጥድ አልተረፈም፤ ቀስ ብሎ፣ በመጥረቢያና በእርሻ፣ አንድ በአንድ ሄደ።

ጥድ የኢትዮጵያ ብቸኛው ቀይ እንጨት አይደለም። ዋንዛ አለ፤ ልቡ ከሐመር ቡናማ እስከ ቀላ ያለ ይደርሳል፤ ሲለግ ያብረቀርቃል። ከበሮው፣ ሙቀጫው፣ የቤተ ክርስቲያን በሩ፣ የደህና ቤት ቡፌና አልጋው ከሱ ነው። በሐረርጌ ወደሳ ይሉታል፤ ቡና ማሳ ውስጥ ለጥላ ይተዉታል፤ ከጥድ ይልቅ ሞቅ ያለ አየር ስለሚችል ዝቅ ባለ ቦታም ይበቅላል። ኮሶ አለ፤ የእንስቷ አበባ ቀይ ሆኖ የሚንጠለጠለው፣ አያቶች ለኮሶ ትል እያማረሩ የጠጡት። እንጨቱ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ የጥድ ደን የሚያበቃበት ከፍታ ላይ ይቆማል። ጥቁር እንጨት የሚባለውም ልቡ ቀይ ነው። የእሱ መከራ ግን ከቅርፊቱ መጣ። ከቅርፊቱ የሚወጣው መድኃኒት አውሮፓ ውስጥ ለፕሮስቴት ሕመም ስለሚፈለግ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተልጦ ተሸጠ፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል።

ሕግ አውጪዎችም ይህን ያዩ ይመስላል። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በስም ለይቶ የጠቀሳቸው ዛፎች አራት ነበሩ፤ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ። ከአራቱ ሦስቱ ልባቸው ቀላ ያለ ነው። በኢትዮጵያ ዛፍ ከሚያስቆርጡ ነገሮች አንዱ ጥሩ እንጨት መሆኑ ራሱ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚመሰክር ዝርዝር ማግኘት ይቸግራል። የደን ሕጉ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀይሯል። አዋጅ ግን ተራራ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ሐረርጌ ውስጥ ከአዋጁ ይልቅ የጫት ዋጋ የሚሰማው ገበሬ ቢበዛ አያስገርምም፤ ጫት በየጊዜው ተቀጥፎ ያን ዕለት ገንዘብ ይሆናል፣ ጥድ ግን የተከለው ሰው ልጅ ሽማግሌ እስኪሆን ያስጠብቃል።

በቀይነት የሚፎካከር መጤም አለ። ባሕር ዛፍን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ እንደሆነ ይነገራል፤ ጊዜው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። በደጋው የተስፋፋው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ሙቀትና ድርቅ የሚችለው፣ ወደ ቆላና ወይና ደጋ የወረደው ደግሞ ቀይ ባሕር ዛፍ ይባላል። በትውልድ አገሩ አውስትራሊያ በወንዝ ዳር ያድጋል፤ ልቡ ጥልቅ ቀይ፣ ከባድና ጠንካራ ሆኖ ለሐዲድ አግዳሚ ሳይቀር ይውላል። እኛ ጋ ይህን ቀይ ልብ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ዛፉ ገና ቀጭን ሳለ ተቆርጦ አጣና ይሆናል፤ በሚገነባ ፎቅ ዙሪያ መወጣጫ ሆኖ ይታሰራል፣ ወይም የጭቃ ቤት ማገር ይሆናል። ልቡ ሳይቀላ የተቆረጠ እንጨት ምስጥ ይፈራል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ባሕር ዛፍ ያሸነፈው በጥራት አይደለም፤ ከተቆረጠ በኋላ እንደገና በማቆጥቆጡ ነው። ጥድ ይህን አይችልም፤ ገበያው ደግሞ የሚችለውን መረጠ። እውነቱን ለመናገር ባሕር ዛፍ ባይኖር የቀረው ጥድ እስከ ዛሬ ይቆይ ነበር ማለት ያስቸግራል።

አሁን ያለውን የቤት ዕቃ ገበያ ለሚያይ ሰው ቀይ እንጨት የቀለም ጉዳይ ወደ መሆን ተጠግቷል። ኤምዲኤፍና ችፑድ ከውጭ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ላዩ ላይ የቀይ እንጨት መልክ ያለው ስስ ሽፋን ተለጥፎበታል። ነጩ ጣውላም ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ቫርኒሽ ተደርቦበት «ዋንዛ ነው» ይባላል። ማጣራት ለሚፈልግ ገዢ ዘዴው ቀላል ነው፤ የመሳቢያውን ጀርባ፣ የእግሩን ታች፣ ቀለም ያልደረሰበትን ቦታ ገልብጦ ማየት። ከላይ ቀይ ሆኖ ከስር ነጭ ከሆነ ቀይነቱ ከቀለም ቆርቆሮ የመጣ ነው። ጥድ ነው ከተባለ ደግሞ ጥግ ላይ በጥፍር ጫር አድርጎ ማሽተት ይበቃል።

የጥዱ መጥፋት ግን የቤት ዕቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ተራራው ሲራቆት መጀመሪያ የሚያውቀው ሜዳው ነው። ደቻቱ በድሬዳዋ ከከዚራና ከመጋላ ሰፈሮች መካከል የሚያልፍ፣ ዓመቱን በአብዛኛው አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። ውሃው የሚመጣው ከላይ ነው፤ ከደንገጎ ወገን ካሉት ተራሮች። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ተራራው ላይ የወረደው ዝናብ በዚህ አሸዋ ላይ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። የአንድ ሌሊት ጎርፍን በአንድ ምክንያት ማሰር ስህተት ነው፤ ዝናቡ ከባድ ነበር፣ ሰዎችም ወንዙ አፍ ላይ ሰፍረው ነበር። ሥርና ቅጠል በሌለበት ገደል ላይ የወረደ ውሃ ግን የሚያቆመው የለም፤ ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። 

በሐዲዱ ሌላኛ ጫፍ ያለው ዜና ደግሞ የበለጠ ያስፈራል። ጅቡቲ በረሃ ናት፤ ነገር ግን ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በላይ ጎዳ የሚባለው ተራራ ላይ ዴይ የተባለ የጥድ ደን ነበራት። ደኑ ዛሬም አለ፤ ከዛፎቹ ብዙዎቹ ግን ቆመው የደረቁ ግንዶች ናቸው። ሙቀቱና ድርቁ ከላይ፣ ግጦሹና መጥረቢያው ከታች ሲጫኑት ጥዱ በጅምላ ሞተ። በዓለም ላይ በዚያና በአቅራቢያው ባለው በማብላ ተራራ ብቻ የሚኖር አንድ የቆቅ ዘር አለ፤ እሱም ከደኑ ጋር ለመጥፋት ተቃርቧል። በትግራይና በአፋር ጠርዝ ባለው በደስአ ደንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ጥዱ ከዝቅተኛው ከፍታ እየሞተ ስለሄደ የደኑ ድንበር ወደ 500 ሜትር ገደማ ሽቅብ መሸሹን አጥኚዎች መዝግበዋል። ጥድ ሙቀት ሲያሳድደው ወደ ላይ ይወጣል። ተራራው ሲያልቅበት የሚሄድበት የለም፤ ጎዳ ተራራ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

የቀረው የት ነው ለሚል፣ በአብዛኛው ሰው በእምነት ወይም በትእዛዝ የከለከለው ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መስመር አሰቦት ተራራ ላይ የጥንት ገዳም አለ፤ ዙሪያው ደረቅ ቆላ ሆኖ ሳለ ተራራው ጥድና ወይራ ለብሶ የኖረው ገዳሙ ስለጠበቀው ነው፣ ምንም እንኳ ቃጠሎ ቢፈትነውም። በጨርጨር ያለው የኩኒ ሙክታር ደን ለደጋ አጋዘን ሲባል ተከልሏል። በሸዋ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው መናገሻ ላይ እንዳስተከሉ ይተረካል፤ ታሪኩ እውነት ከሆነ የመናገሻ ሱባ ደን ከ500 ዓመት በፊት በሰው እጅ የተጀመረ ነው ማለት ነው። አገሩ ጥድን መትከል የማያውቅ አልነበረም።

መትከሉ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የጥድ ፍሬ ትንሽ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው፤ ወፎች በልተው ዘሩን ይበትኑታል። ወንድና ሴቱ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ስለሆነ ዘር የሚለቅም ሰው ፍሬ የያዘችውን መለየት አለበት። ዘሩ ቶሎ አይበቅልም፣ ችግኙም ቶሎ አይረዝምም፤ ከባሕር ዛፍና ከግራቪሊያ ጎን በችግኝ ጣቢያ ሲታይ የሰነፈ ይመስላል። የዕድሜውን ክብ መቁጠርም አስቸጋሪ ነው። በበልግና በክረምት ሁለት ጊዜ ዝናብ በሚያገኝ አገር ጥድ በአንድ ዓመት ሁለት ክብ ሊሠራ፣ ክፉ ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ሊዘል ይችላል። ክቦቹን በጥንቃቄ ያነበቡ ተመራማሪዎች ግን የድርቅ ዓመታትን ከግንዱ ላይ ማውጣት ችለዋል፤ ጠባብ ክብ ያጠረ ዝናብ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በሚካሄደው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ የሚተከለው ችግኝ ብዛት ይነገራል፤ የዛፉ ዓይነት ግን ብዙም አይነገርም። ለድሬዳዋ ዓይነቱ ከብዛቱ ይበልጣል። ከዚራ መንገድ ላይ ኒምና የድሬዳዋ ዛፍ ጥላ ይሰጣሉ፤ ይቀጥሉ። ደቻቱ የሚነሣበት ከፍታ ላይ ግን የሚያስፈልገው ያ መሬት የሚያውቀው ዛፍ ነው፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝቅ ሲል ዋንዛ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከፍየልና ከእሳት የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ደግሞ ጫት ተክሎ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ገቢ በከፊል እንኳ የሚተካ ክፍያ ያስፈልገዋል። ከተማው የላዩን ተራራ ገበሬ በነፃ ደን ጠብቅልኝ ማለቱን ይተው፤ የደቻቱን ጎርፍ ለመገደብ ከሚያወጣው በጀት ላይ ቆንጥሮ ለደንገጎ ጥድ ጠባቂ ይክፈል። የድሬዳዋ አስተዳደርና ላዩ ላይ ያሉት የሐረርጌ ወረዳዎች በዚህ ላይ አንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ዘሩ ሩቅ አይደለም፤ በየገዳሙ፣ በየመስጊዱ ግቢና በየመቃብሩ ዳር የቀሩት አሮጌ ጥዶች ዛሬም ፍሬ ይይዛሉ።